በዋጃ ቆላ ለእህልና ለቤት ስለሚነሰነስ ዱቄት

ዋጃ በቆቦና በአላማጣ መካከል ባለው የራያ ቆላ ሜዳ ላይ ትገኛለች። የአገሩ ዋና እህል ማሽላ ነው፤ ሙቀቱም ለማሽላ እንደሚስማማ ሁሉ ለነቀዝ ይስማማል።

ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀው የእህል መከላከያ የምድጃ አመድ ነው። በወንፊት ተነፍቶ ከደረቀው እህል ጋር ይደባለቃል። አመድ በመመረዝ አይገድልም፤ በነቀዙ ገላ ላይ ያለውን ስስ ሰም እየፋቀ እርጥበቱን ያደርቀዋል እንጂ። ስለዚህ ራሱ ከረጠበ ኃይሉን ያጣል፤ ጥቂትም ከሆነ አይበቃም። ደግሞም ነቀዝ እንቁላሉን በፍሬው ውስጥ ስለሚጥልና እጩም በዚያው ተሸሽጎ ስለሚያድግ፥ አመድ የሚያገኘው ወደ ውጭ የወጣውን ብቻ ነው። ንጹሕ መስሎ ጎታ የገባ ማሽላ ከጊዜ በኋላ ተቦርቡሮ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል የሚሠራበት ጤፍን ከማሽላ ጋር የመቀላቀል ብልሃት ከዚህ ይልቅ የሚደነቅ ነው፤ ደቃቁ ጤፍ የፍሬዎቹን ክፍተት ሞልቶ ነቀዙን መመላለሻ ያሳጣዋል፤ ለእጩም ማደሪያ አይሆነውም። በኋላም በወንፊት ስለሚለይ የሚጣል ነገር የለም።

በዚህ ልማድ ላይ ዲዲቲ መጣ። ተባይ ገዳይነቱን የስዊስ ተወላጁ ፓውል ሙለር እ.ኤ.አ. በ1939 ደረሰበት። የቆቦና የጨርጨር ሸለቆም በ1950ዎቹ በኢትዮጵያ ለወባ መከላከል ሙከራ ከተመረጡት ስፍራዎች አንዱ ነበረ። ዲዲቲ በመጀመሪያ ትኋንንም ይፈጅ ነበር፤ ነገር ግን መድኃኒቱን የተቋቋመ ትኋን በ1947 በሃዋይ ታይቷል።

ዋናው አደጋ በልክ ላይ ነው። እጅ የለመደው አመድን ነው፤ አመድ ደግሞ ሲበዛ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። ለእህል የተፈቀደው የማላታዮን ዱቄት ግን ለአንድ ኩንታል የሚበቃው በግራም የሚቆጠር ነው። ዲዲቲ ለሚበላ እህል ከቶ አይገባም፤ አመድ በማንፈስና በማጠብ ሲለቅ፥ ዲዲቲ በውኃ አይሟሟም፤ በሰውነት ስብ ውስጥ ተከማችቶ በእናት ጡት ወተት ወደ ሕፃኑ ይተላለፋል። በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነትም ከበሽታ አስተላላፊ ነፍሳት መከላከያነት በቀር ከልክሎታል።

ዱቄት ከዕቃው ወጥቶ በወረቀት ተጠቅልሎ ሲሸጥ ስሙ ይጠፋል። የተመረዘ ሰው ሲመጣ ግን ሐኪሙ አስቀድሞ የሚሻው ይህንኑ ስም ነው፤ ለማላታዮን አትሮፒን የሚባል ማርከሻ አለ፤ ለዲዲቲ ግን የለም።