የድራከንስበርግ ገደልና የሰሜን ተራሮች

ከቴምቢሳ ወደ ደርባን በኤን 3 መንገድ የተጓዘ ወገናችን የቫን ሪነንን ቁልቁለት ሲወርድ ልማሊሞ ትዝ ቢለው አይፈረድበትም። የድራከንስበርግ አናት፣ እንደ ጎንደሮቹ የሰሜን ተራሮች ሁሉ፣ ከምድር ገንፍሎ የረጋ የእሳተ ገሞራ ዓለት ነው፤ የዚህኛው ዕድሜ 180 ሚሊዮን፣ የእኛው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆናል። በከፍታ ግን እኛ እንበልጣለን! የድራከንስበርግ ጫፍ፣ ሌሶቶ ያለው ታባና ንትሌንያና፣ 3,482 ሜትር ሲሆን ራስ ደጀን 4,550 ሜትር ገደማ ነው። (ተማሪ ቤት የሸመደድነው 4,620 በኋላ ሲለካ ቀንሷል።)

ዋልያም ከሰሜን ገደሎች ሌላ አገር የለውም። የዱር እንስሳቱን ለማዳን ሲባል የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ ዩኔስኮም በዓመቱ ፓርኩን ከ1996 ጀምሮ ከነበረበት የአደጋ መዝገብ ሰረዘው። መንደሩን የለቀቀው ገበሬ ግን እርሻውን ትቶ የከተማ ኑሮ መልመድ ግድ ሆነበት።