ስለ ጤና መኮንን ሙያና የሥራ ፈቃድ ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

በሐዋሳ ከተማ ባህል አዳራሽ አካባቢ የሚኖር ሰው የታመሙ እናቱን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ክሊኒክ ሲሄድ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰውን ባለሙያ ሁሉ «ዶክተር» ብሎ መጥራቱ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ እናቱን የሚመረምሩት ባለሙያ ጤና መኮንን ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን መለየት የሚያስፈልገው ባለሙያውን ለማሳነስ ሳይሆን፣ ሕመምተኛው ተገቢውን ሕክምና በወቅቱ እንዲያገኝ ነው።

ጤና መኮንን ማን ነው?

የጤና መኮንኖች ሥልጠና በአገራችን የተጀመረው በ1947 ዓ.ም. በተቋቋመው የጎንደር የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ነው። በሌሎች አገሮች ያለው የሐኪም ረዳት ሙያ ተቀራራቢ ቢሆንም፣ የሐኪም ረዳት የሚሠራው በአብዛኛው ከሐኪም ጋር ተጣምሮ ነው። የእኛ ጤና መኮንን ግን ሐኪም በሌለበት ጤና ጣቢያ ሕሙማንን ይመረምራል፤ የተለመዱ በሽታዎችን ያክማል፤ የበሽታ መከላከል ሥራንም ይመራል። ከአቅሙ በላይ የሆነውን ሕመምተኛ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ማድረግ ግዴታው ነው።

በተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማኅፀን ሕክምና በሁለተኛ ዲግሪ የሠለጠኑ ጤና መኮንኖች ደግሞ እንደ ቀዶ ሕክምና ማዋለድ ያሉ አገልግሎቶችን ይሰጣሉ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ይህን ሥልጠና ከሰጡ ተቋማት አንዱ ነው።

ዲግሪ ብቻውን ፈቃድ አይደለም

የመመረቂያ ዲግሪ መማርን ያረጋግጣል፤ ሕዝብን ለማከም የሚያስችለው ግን የሙያ ምዝገባና የሥራ ፈቃድ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ተመራቂ ጤና መኮንኖች የብቃት ምዘና ፈተና እንዲወስዱ ተደርጓል። ፈቃዱ በየጊዜው የሚታደስ ሲሆን፣ ባለሙያው ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና መውሰድ ይጠበቅበታል። የክሊኒኩ ፈቃድ ከባለሙያው ፈቃድ የተለየ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ተገልጋዩ ምን ያድርግ?

• የሚያክሙትን ባለሙያ ስምና የሙያ ደረጃ በአክብሮት ይጠይቅ።
• የተቋሙ ፈቃድ ያልታደሰ ከሆነ ልብ ይበል።
• ስለ ሕመሙና ስለሚታዘዝለት መድኃኒት ማብራሪያ ይጠይቅ።
• ሪፈር ሲጻፍለት ሳይዘገይ ወደተላከበት ተቋም ይሂድ።
• ያለፈቃድ የሚሠራ ሰው መኖሩን ከጠረጠረ ለከተማው ወይም ለክልሉ የጤና ተቆጣጣሪ አካል ያሳውቅ።

ፈቃዱን በአግባቡ ያወጣና የሙያውን ወሰን የሚያከብር ጤና መኮንን እንዲህ ያለውን ጥያቄ በቅሬታ አይቀበለውም። ጥያቄው ታካሚውንም ባለሙያውንም ይጠብቃል።