ልጆችዎን ወደ ሙዚየም ከመውሰድዎ በፊት

የሐዋሳ እናቶችና ሠራተኞች! ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የቤተሰብ የመጓጓዣ ወጪ ቀላል ስላልሆነ፣ ልጆችዎን ብሔራዊ ሙዚየምን ለማሳየት ሲያስቡ አስቀድመው ያዘጋጇቸው። ያልተዘጋጀ ሕፃን በመስታወት ውስጥ ያለውን አጥንት ለአፍታ አይቶ «እንሂድ» ማለቱ አይቀርም።

ዝግጅቱ ግን ከደጅዎ ይገኛል። በዕረፍት ቀንዎ ልጆቹን ይዘው ወደ አሞራ ገደል ይሂዱ። ከዛፍ ዛፍ የሚዘለውን ጉሬዛ እጅ በደንብ እንዲያስተውሉ ይንገሯቸው። ጉሬዛ እንደ እኛ ያለ አውራ ጣት የለውም፤ ቅርንጫፍ የሚይዘው አራቱን ጣቶቹን እንደ ሜንጦ ቆልምሞ ነው። ልጆቹም አውራ ጣታቸውን አጥፈው እርሳስ ይዘው ለመጻፍ ይሞክሩ፤ ልዩነቱ ወዲያው ይገባቸዋል።

ሙዚየሙ ሲደርሱ በቅድሚያ ድንቅነሽን ያሳዩአቸው። በ1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት። ቁመቷ ከ1 ሜትር ብዙም ባይበልጥም ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር። ለሕዝብ የሚታየው ቅጂው ሲሆን፣ ዋናው አጥንት እንዳይጎዳ ተጠብቆ መቀመጡን ያስረዷቸው።

የሰላምንም ታሪክ ይንገሯቸው። በ1993 ዓ.ም. በዲኪካ የተገኘችው ሰላም ስትሞት የ3 ዓመት ያህል ሕፃን ነበረች። እግሯ በሁለት እግር ለመራመድ የተሠራ ሲሆን፣ የትከሻዋ አጥንት ግን ዛፍ ትወጣ እንደነበር ይጠቁማል። ያን ጊዜ ልጆቹ የአሞራ ገደሉን ጉሬዛ ያስታውሳሉ።

ሁሉንም ክፍል ላዳርስ ብለው ልጆቹን አያድክሙ። ወደ ቤት ሲመለሱም ያዩትን በወረቀት ላይ እንዲሥሉ ያድርጉ፤ ለሚያነሡት ጥያቄም ጊዜ ይስጡ።