የአነስተኛ ኮሌጅ ዋጋ በገበሬ ቤት ስሌት፦ ከጉንደ ወይን አንጻር

የኮሌጅ ትምህርት የወጣበትን ያህል ይጠቅማል ወይ የሚለው ጥያቄ በምጣኔ ሀብት ጥናት ብዙውን ጊዜ የሚመለሰው ሁለት ቁጥሮችን በማነጻጸር ነው፤ አንደኛው ለትምህርቱ የወጣው ገንዘብ፣ ሁለተኛው ትምህርቱ በሥራ ዘመን የሚያስገኘው ተጨማሪ ደመወዝ። ስሌቱ ገቢው በየወሩ በገንዘብ ለሚመጣለት ቤተሰብ ይሠራል። በምሥራቅ ጎጃም የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በጉንደ ወይን ዙሪያ ለሚኖር ገበሬ ግን የኮሌጅ ክፍያ በቅድሚያ የሚለካው በእህል፣ በባሕር ዛፍ፣ በበሬና በልጅ ጉልበት ነው።

አንድ ጥማድ ያለው ገበሬ አንዱን በሬ ሸጦ የልጁን ክፍያ ቢሸፍን የሚያጣው የበሬውን የገበያ ዋጋ ብቻ አይደለም። የቀረው በሬ ብቻውን አያርስምና ባለቤቱ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር መቀናጀት ግድ ይሆንበታል። መቀናጆ ደግሞ ተራ አለው፤ ዝናቡ ግን ተራ አይጠብቅም። ተራው የዘገየበት ማሳ ዘግይቶ ይዘራል፤ የምርቱ ጉድለትም በትምህርት ክፍያ ደረሰኝ ላይ አይጻፍም። ለመቆረጥ የደረሰ ባሕር ዛፍ ሲሸጥ ነገሩ ይለያል፤ ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። እንግዲህ ከዛፍ የተገኘና ከበሬ የተገኘ ብር መጠኑ እኩል ቢሆንም ለቤተሰቡ እኩል ዋጋ የለውም። የትምህርትን አዋጭነት የሚመረምሩ ጥናቶች የክፍያውን መጠን እንጂ ምንጩን እምብዛም አይጠይቁም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው ወጪውን ማን ይሸከም የሚለው ነው። ኢትዮጵያ ሊበራል አርትስ በሚባለው ስልት፣ ማለትም ከአንድ ሙያ ይልቅ ቋንቋን፣ ታሪክን፣ ፍልስፍናንና ሳይንስን አጣምሮ በማስተማር የሚታወቅ አነስተኛ ኮሌጅ ነበራት። በ1943 ዓ.ም. በ33 ተማሪዎች የተከፈተው፣ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን በሉሲየን ማት ይመራ የነበረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። ተማሪው ለትምህርት፣ ለምግብና ለመኝታ አይከፍልም ነበር፤ ወጪው የመንግሥት ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፣ በአብዛኛው በማስተማር፣ እንዲያገለግሉ መደረጉ በሌላ ዐይን ሲታይ ዋጋን በጉልበት ማስከፈል ነው።

ሊበራል አርትስ ለጎጃም ባዳ ነው ብሎ ማሰብም ያሳስታል። በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ወርቅ ስሙ የገነነው የቅኔ ትምህርት ለአንድ የተወሰነ ሥራ የሚያሠለጥን አልነበረም። ተማሪው ግስ ያጠናል፤ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ወደ ረጃጅሞቹ የቅኔ ዓይነቶች እየተሻገረ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል። (ሰምና ወርቅን መለየት እስካሁን በሥራ ማስታወቂያ ላይ አልተጠየቀም።) መምህሩ ክፍያ አይጠይቅም፤ ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቦ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየቤቱ ቁራሽ ይለምናል። የምግቡን ወጪ መንደሩ በሙሉ ይካፈለዋል፤ ቤተሰቡ የሚያጣው የእረኛውንና የአራሹን ጉልበት ነው። ይህን ትምህርት በነጻ የተሰጠ አድርጎ መቁጠር የመንደሩን ቁራሽ ከሒሳብ ማውጣት ይሆናል።

ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚከተለው መንገድ የተለየ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራት ደንብ ተማሪው የምግብና የመኝታ ወጪውን ሙሉ በሙሉ፣ ከማስተማሪያ ወጪው ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ከተመረቀ በኋላ ከገቢው እንዲከፍል ያደርጋል። ከደመወዙ የሚቆረጠው ከ10 በመቶ አያንስም፤ የወር ገቢው 8,000 ብር ነው ብንል 800 ብር ይሆናል። ለጉንደ ወይን ቤተሰብ የዚህ ሥርዓት ትልቁ ጥቅም የዕዳው ማነስ አይደለም፤ ዕዳው ሥራ ከተገኘ በኋላ የሚጠየቅ መሆኑ ነው። ልጁ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር በጀመረው በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቢመደብ ለክፍያ ተብሎ በሬ አይሸጥም።

ችግሩ በዚህ በር የሚገባው ጥቂት መሆኑ ነው። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። የአቅም ማሻሻያ ትምህርት በሩን ጥቂት አስፍቶታል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ደግሞ የመማሪያ ጊዜውንም መንገዱንም አስተጓጉሏል። በበሩ ላልገባ ልጅ ከሚቀሩት አማራጮች አንዱ የግል ኮሌጅ ነው፤ ክፍያውም የሚጠየቀው አስቀድሞ፣ በጥሬ ገንዘብ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ያላለፈ ተማሪ ዲግሪ ስለማያገኝ ሁሉንም ዓመት የከፈለ ቤተሰብም ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የውድቀቱን ስጋት በከፊል ግምጃ ቤቱ ይሸከማል፤ በግል ኮሌጅ ግን ስጋቱ በሙሉ የገበሬው ነው።

ስለ ትምህርቱ ይዘት የመንግሥት አቋም ራሱ ሲዋዥቅ ታይቷል። 70 በመቶውን ተማሪ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶውን ለማኅበራዊ ሳይንስና ለሥነ ሰብእ የመደበው ፖሊሲ ሰፊ ዕውቀትን እንደ ቅንጦት አይቶት ነበር። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ተመልሶ ሥነ አመክንዮ፣ ሥነ ልቡና፣ አንትሮፖሎጂና የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ለሁሉም ይሰጥ ጀመር፤ የሦስት ዓመቱ ዲግሪም አራት ዓመት ሆነ። የሰፊ ዕውቀት ዋጋ በግልጽ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ተጨማሪ ዓመት ዕዳና የአንድ ዓመት ደመወዝ መዘግየት። ተማሪው በዚያ ዓመት በሚገባ ማንበብና መሟገት ከለመደ ዋጋው የሚመለስ ይመስላል፤ የተመደበበት ሙያ ገበያ ቢያጣ ወደ ሌላ የሚሻገርበት ድልድይ ይህ ነውና። መጽሐፍ በሌለበት፣ በተጨናነቀ ክፍል፣ ማስታወሻ በመገልበጥ ካለፈ ግን ቤተሰቡ የከፈለው ለስሙ ብቻ ነው።

ስለዚህ የጉንደ ወይን አባት ከክፍያው መጠን አስቀድሞ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፤ ኮሌጁ ለዚያው የትምህርት ክፍል ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና አለው ወይ፣ ካስፈተናቸው ተማሪዎች ስንቶቹ የመውጫ ፈተናውን አለፉ፣ ልጁ በዓመቱ መካከል ቢያቋርጥ የተከፈለው ይመለሳል ወይ። መልሱ የማያጠራጥር ከሆነ ባሕር ዛፉን መቁረጥ ምክንያታዊ ነው። በሬውን መሸጥ ግን፣ መልሱ መልካም በሚሆንበት ጊዜ እንኳ፣ የሚቀጥለውን ክረምት እርሻ አብሮ ማስያዝ ነው፤ ቢያንስ የሚያቀናጀው ጎረቤት አስቀድሞ መገኘት አለበት።