ጀልባ ሲገለበጥ፦ የጀማሪ ቀዛፊ የመጀመሪያ ትምህርት

ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ የምትገኘው ጎርጎራ የደንገል ታንኳ ሲቀዘፍባት የኖረች ሥፍራ ናት። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ዘመናዊ የመዝናኛ ማዕከል ተመርቆባታል። እንዲህ ባለ ሥፍራ ካያክ ለተባለችው ጠባብና ቀላል ጀልባ የጀማሪዎች ትምህርት ቢከፈት፣ ተማሪዎቹ ከሁሉ አስቀድሞ ምን ሊያውቁ ይገባል? መልሱን ከፊዚክስ ሕግና ሕይወት ከተከፈለበት ታሪክ እንመለከታለን።

በአርኪሜድስ ሕግ መሠረት ውሃ ውስጥ የገባ አካል፣ ከቦታው ካስለቀቀው ውሃ ክብደት ጋር እኩል በሆነ ኃይል ወደ ላይ ይገፋል። የደንገል ታንኳ የምትንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ አየር ያዘለ በመሆኑ ነው፤ ውሃ ቢረጭባትም ቶሎ አትሰጥምም። ካያክ ግን በዋናነት የምትንሳፈፈው በውስጧ ባለው ባዶ ቦታ ነው። ስለዚህም ውሃ እንዳይገባባት በቀዛፊው ወገብ ዙሪያ የሚታሰር ሽፋን፣ ውሃ ቢገባባትም እንዳትሰጥም በሁለቱ ጫፎቿ አየር የታፈነባቸው ክፍሎች ያስፈልጓታል።

ጠባብ ጀልባ ስታዘነብል ውሃው ወደ ላይ የሚገፋበት ነጥብ ወዳዘነበለችበት ጎን ይሸሻል፤ ይህም ወደ ቦታዋ ይመልሳታል። የቀዛፊው የክብደት ማዕከል ከዚህ ነጥብ አልፎ ከወጣ ግን ትገለበጣለች። ለጀማሪ መገልበጥ የማይቀር ስለሆነ የመጀመሪያው ትምህርት እርሱው ነው። ተማሪው ጥልቀቱ መጠነኛ በሆነ ውሃ፣ አሠልጣኙ አጠገቡ ቆሞ፣ ሆን ብሎ ይገለበጣል። ወደ ፊት ያጎነብሳል፣ የሽፋኑን መሳቢያ ይጎትታል፣ በእጆቹ ገፍቶ ይወጣል፤ ከወጣም በኋላ ጀልባዋን አይለቅም።

የሕይወት አድን ሰደሪያስ? ሰውነታችን ከሞላ ጎደል የውሃን ያህል እፍጋት ስላለው ጭንቅላትን ከውሃ በላይ ለማቆየት ጥቂት ተጨማሪ ኃይል ይበቃል። ለቀዛፊዎች የሚዘጋጀው ሰደሪያ ቢያንስ 50 ኒውተን፣ ማለትም 5 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት የሚያነሳ ኃይል ይሰጣል። ይሁን እንጂ ይህ ዓይነቱ ዋና ለሚችልና እርዳታ ለቀረበው ሰው የታሰበ ነው፤ ራሱን የሳተን ሰው በጀርባው አንጋሎ ለመያዝ አልተሠራም።

ዕውቀቱ መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 22 ቀን 1993 በእንግሊዝ የላይም የባሕር ወሽመጥ ስምንት ተማሪዎች ከመምህራቸውና ከሁለት አሠልጣኞች ጋር በካያክ ወጡ። ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍሰው ነፋስ ገፋቸው፤ ማዕበሉ ጀልባዎቹን በውሃ ሞላ። የድረሱልን ምልክት የሚሰጡበት መሣሪያ አልነበራቸውም፤ እርዳታም ዘገየ። ውሃ ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ ከአየር 25 ጊዜ ያህል የሚበልጥ በመሆኑ ሰውነታቸው በፍጥነት ቀዘቀዘ። አራት ተማሪዎች ሞቱ። ቀደም ሲል የድርጅቱ ሠራተኞች የነበሩ አሠልጣኞች ስለ ጉድለቱ በደብዳቤ አስጠንቅቀው ነበር። ሥራ አስኪያጁ በ1994 በእስራት ተቀጡ፤ በ1995 ደግሞ ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ወጣቶች እንዲህ ያለውን ትምህርት በክፍያ የሚሰጡ ተቋማት ተመርምረው ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ።

የጣና ውሃ የዚያን ባሕር ያህል አይቀዘቅዝም፤ የነፋሱ ሕግ ግን አንድ ነው። ከጎርጎራ ዳርቻ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚነፍስ ነፋስ ጀማሪውን ወደ ሐይቁ መሃል ይወስደዋል፤ ዳር ላይ ለቆመ ሰው ግን ውሃው የረጋ ይመስለዋል። ስለሆነም የነፋሱን አቅጣጫ መመርመር፣ የመውጫና የመመለሻ ሰዓትን ዳር ለሚቀር ሰው ማስታወቅ፣ የነፍስ አድን ጀልባ ማዘጋጀት በአሠልጣኙ መልካም ፈቃድ ብቻ የሚተው ጉዳይ ሊሆን አይገባም።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ 300,000 ያህል ሰዎች በመስጠም ሞተዋል። ሥልጠና ቀዛፊው በአደጋ ጊዜ የሚያደርገውን ያስተምራል፤ ደንብ ደግሞ ያ ሥልጠና በእርግጥ መሰጠቱን ያረጋግጣል። ከሁለቱ አንዱ የጎደለበት ትምህርት ቤት ተማሪውን ወደ ውሃ ባያስገባ ይሻላል።