ኦዞንና የረግረግ ውሃ፦ የጠራ ሁሉ ንጹሕ ነውን?

የጨለለቃን ረግረግ አልፎ ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባው ወንዝ ጥቁር ውሃ ይባላል። በረግረግ ውስጥ የበሰበሰ ቅጠል፣ ሣርና ሥር በውሃ ሲሟሟ ቡናማ ቀለም ያላቸው ውስብስብ የካርቦን ሞለኪውሎች ይፈጠራሉ። እነዚህም ተፈጥሯዊ ኦርጋኒክ ቁሶች ይባላሉ። ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ግን በአብዛኛው ጥቂት ብቻ ይዟል። ታዲያ በሐዋሳዋ ቱላ የሚኖር ተማሪ «የረግረግ ውሃ በኦዞን ታክሞ ይጠጣልን?» ብሎ ቢጠይቅ ምን እንመልስለት?

ኦዞን ሦስት የኦክስጅን አተሞች የተጣመሩበት ጋዝ ነው። የፈረንሳይዋ ኒስ ከተማ ከ20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ጀምሮ ተጠቅማበታለች። ተህዋስያንን በመግደል ከክሎሪን ይልቃል፤ ነገር ግን ተህዋሲን ከቅጠል ቅሪት አይለይም።

እስቲ በቁጥር እንመልከተው። ቫይረስን ለማምከን የቆየው መመዘኛ በአንድ ሊትር ውሃ 0.4 ሚሊግራም ኦዞን ለ4 ደቂቃ እንዲቆይ ይጠይቃል። በማጣሪያ ጣቢያዎች ለእያንዳንዱ 1 ሚሊግራም የሟሟ ካርቦን ከ0.5 እስከ 1 ሚሊግራም ኦዞን መጨመር የተለመደ ነው። በሊትር 5 ሚሊግራም ካርቦን ባለበት ውሃ 1 ሚሊግራም ኦዞን ብቻ ብንጨምር፣ መመዘኛው ሳይሟላ ኦዞኑ ሊያልቅ ይችላል።

ኦዞን የሚሠራው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በቀጥታ የካርቦን ጥንድ ትስስሮችንና ቀለበቶችን መስበር ነው። ሁለተኛው ተበታትኖ ሃይድሮክሲል የተባለ እጅግ ንቁ ሬዲካል ማስገኘት ነው። ብዙዎቹ ኦርጋኒክ ቁሶች መበታተኑን ያፋጥኑታል፤ በውሃው ያለ ባይካርቦኔት ደግሞ ሬዲካሉን ይዞ ሰንሰለቱን ያዘገየዋል።

እዚህ ላይ ዓይናችን ያታልለናል። የካርቦን ቀለበቶች 254 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ይውጣሉ። ኦዞን ሲሰብራቸው ይህ መዋጥ ይቀንሳል፤ ቀለሙም ይጠፋል። የካርቦኑ ጠቅላላ መጠን ግን እምብዛም አይለወጥም፤ ትልቁ ሞለኪውል ወደ አልዲሃይድና ትናንሽ አሲዶች ይቆራረጣል። እነዚህ ለባክቴሪያ የተመቹ ምግቦች ናቸው። ኦዞንም በውሃ ውስጥ ስለማይቆይ ባክቴሪያው በቧንቧ ውስጥ መልሶ ይራባል።

ስለዚህ ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። በመጀመሪያ በአልሙኒየም ሰልፌት አማካይነት ቁሶቹን አያይዞ ማዝቀጥ፣ ቀጥሎ ኦዞን መጨመር፣ ከዚያም ጠቃሚ ባክቴሪያ በሚኖርበት የአሸዋ ወይም የከሰል ማጣሪያ ማሳለፍ፣ በመጨረሻም ቧንቧውን የሚጠብቅ ጥቂት ክሎሪን ማከል ይገባል።

በስምጥ ሸለቆ ላለን ሰዎች አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር፦ ኦዞን ፍሎራይድን አያስወግድም። ብሮማይድ ካለም ወደ ብሮሜት ይለውጠዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የብሮሜት ወሰን ደግሞ በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው። እንግዲህ የኦዞን መሣሪያ ከመግዛት በፊት ውሃውን መለካት ይቀድማል።