ያጠፋውን ልጅ ለማረም ወጪው የማን ነው?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። አባባሉ በብዙ ነገር እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሸክሙን የሚከፋፈሉት ሰዎች ድርሻቸው በሚገባ ካልተለየ፥ አንዱ የራሱን ሎሚ ወደ ባልንጀራው ስልቻ መጣሉ አይቀርም። ሸክሙ ሎሚ ሲሆን ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ያጠፋን ልጅ ማረም ሲሆን ግን ጉዳቱ የሚደርሰው በልጁ ሕይወት ላይ ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ የፈለግነው፥ በአሜሪካ አገር ሕግ የተላለፉ ልጆችን ለማረምና ለማስተማር የሚወጣው ገንዘብ በግዛቱ መንግሥትና በአውራጃው መካከል እንዴት እንደሚከፋፈል፥ አከፋፈሉም የልጁን ዕድል እንዴት እንደሚወስን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንደሚታወቀው በአሜሪካ እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ሕግና የራሱ ግምጃ ቤት ስላለው፥ አሠራሩ ከቦታ ወደ ቦታ ይለያያል። በካሊፎርኒያ ለብዙ ዘመን የቆየው ሥርዓት የሚከተለው ነበር። ልጁን በየቤቱ እየሄደ የሚከታተለው የአመክሮ ሹምና ልጁ ፍርድ እስኪያገኝ የሚቆይበት ቤት፥ ካውንቲ በሚባለው አውራጃ ይተዳደሩ ነበር። ጥፋቱ ከብዶ ከወላጆቹ ርቆ የሚላክበት ታላቁ ማረሚያ ቤት ደግሞ የግዛቱ መንግሥት ነበር። እንግዲህ ልጁ አንድ፥ ከረጢቱ ግን ሁለት ነው።

ከ1947 ጀምሮ እስከ 1996 መጨረሻ ድረስ ካውንቲው ወደ ግዛቱ ማረሚያ ቤት ለሚልከው ልጅ የሚከፍለው በወር 25 ዶላር ብቻ ነበር። ልጁን በቅርብ አስቀምጦ አስተማሪና መካሪ ቢያቆምለት ግን አብዛኛውን ወጪ ራሱ ይችለዋል፤ ወደ ሩቁ ቢልከው በ25 ዶላር ይገላገላል። በዚህም ምክንያት ልጁን ከወላጆቹ ማራቅ ለካውንቲው ርካሽ፥ በቅርብ ማረም ደግሞ ውድ ሆኖ ነበር። ሹማምንቱ ክፉ ባይሆኑም ሒሳቡ ክፉ ነበር።

ይህንን ችግር አስቀድመው የተገነዘቡ ሰዎች አልጠፉም። በ1965 የወጣው የካሊፎርኒያ ሕግ፥ ካውንቲው ወደ ግዛቱ እስር ቤት ሳይልክ በአመክሮ ለሚያቆየው ለእያንዳንዱ ሰው፥ ልጅም ቢሆን አዋቂ፥ እስከ 4,000 ዶላር ድጎማ እንዲያገኝ አደረገ። ወደ ግዛቱ የሚላኩትም ሰዎች ቁጥር ቀነሰ።

ድጎማው ከቀረ በኋላ ግን ቁጥሩ እንደገና አሻቀበ። በ1996 በካሊፎርኒያ የወጣቶች ማረሚያ ቤቶች ውስጥ ወደ 10,000 የሚጠጉ ወጣቶች ይገኙ ነበር። ከ1997 መጀመሪያ አንሥቶ ወርኃዊው ክፍያ ወደ 150 ዶላር ከፍ አለ፤ ጥፋቱ ቀላል ለሆነ ልጅ ደግሞ ካውንቲው እንደ ደረጃው ከወጪው ግማሹን፥ ሦስት አራተኛውን ወይም ሙሉውን እንዲከፍል ታዘዘ። ከዚያ በኋላ የሚላኩት ልጆች ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ሄደ። በ2007 በወጣው ሕግ ግዛቱ ከባድ ወንጀል የሠሩትን ብቻ እየተቀበለ፥ ለተቀሩት በያንዳንዱ ልጅ በዓመት 117,000 ዶላር ታስቦ ለካውንቲዎች ድጎማ እንዲሰጥ ተወሰነ። በመጨረሻም በ2020 በጸደቀው ሕግ መሠረት፥ የግዛቱ የወጣቶች ማረሚያ መሥሪያ ቤት ሰኔ 30 ቀን 2023 ተዘጋ። እውነቱን ለመናገር ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የወጣቶች ወንጀል መቀነሱና በማረሚያ ቤቶቹ ስለነበረው አያያዝ በ2003 የቀረበው ክስም ትልቅ ድርሻ ነበራቸው።

የኦሃዮ ግዛት ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠ። በ1994 በዘጠኝ ካውንቲዎች ተሞክሮ በ1995 በግዛቱ ሁሉ በተስፋፋው ሥርዓት፥ ግዛቱ አስቀድሞ ለካውንቲው የተወሰነ ገንዘብ ይመድብለታል። በመጀመሪያው ቀመር መሠረት ካውንቲው አንድ ልጅ ወደ ግዛቱ ማረሚያ ቤት ቢልክ ከየቀኑ ወጪ 75 በመቶው ከዚሁ ገንዘብ ይቀነስበታል፤ የተረፈውን በአካባቢው ለምክር፥ ለትምህርትና ለሕክምና ያውለዋል። በሕግ ተለይተው ለተዘረዘሩት እጅግ ከባድ ወንጀሎች ግን አይቀነስበትም፤ ይኸውም ዳኛው ለሕዝቡ ጸጥታ ሲያስብ ስለ ገንዘብ እንዳይሠጋ ነው። በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሊቃውንት በ2005 ባወጡት ጥናት፥ ወደ ጥፋት የመመለስ ሥጋታቸው አነስተኛ የሆነ ልጆች ወደ ማረሚያ ቤት ከሚገቡ ይልቅ በአካባቢያቸው ሆነው ቢረዱ የተሻለ ውጤት እንደሚያሳዩ አረጋግጠዋል። ቀላል ጥፋት ያጠፋውን ልጅ ከባሰው ጋር መደባለቅ ምን እንደሚያስከትል ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ከሁለቱ ከረጢቶች ሌላ ብዙ ሰው የማያስተውለው ሦስተኛ ከረጢት አለ፤ እርሱም የወላጅ ኪስ ነው። በካሊፎርኒያ ካውንቲዎች ልጁ ታስሮ ለቆየበት ቀንና ለአመክሮው ክትትል ከወላጆቹ ክፍያ ለመጠየቅ ሕግ ይፈቅድላቸው ነበር። ደመወዟ ለቤት ኪራይ የማይበቃት እናት ልጅዋ ከተፈታ በኋላ ዕዳው ሲከተላት፥ ታናናሾቹ ልጆች ከምግባቸውና ከልብሳቸው ይከፍሉ ነበር ማለት ነው። ይህ ክፍያ በ2017 በወጣ ሕግ ከ2018 መጀመሪያ ጀምሮ ቀርቷል። ወጪን እንካፈል ሲባል ከሁሉ ይልቅ ደካማው እንዳይሸከም መጠንቀቅ እንደሚገባ ይህ ያስተምራል።

ገንዘቡ ወደ ቅርብ ስለመጣ ብቻ ግን ልጁ ዳነ ማለት አይደለም። በግንቦት ወር 2023 የካሊፎርኒያ ግዛት ተቆጣጣሪ ቦርድ በሎስ አንጀለስ ካውንቲ የሚገኙ ሁለት የልጆች ማቆያ ቤቶች ለልጆች አይገቡም ብሎ፥ ልጆቹ ከዚያ እንዲወጡ አዟል። ከቤቱ አጠገብ ያለ ክፉ ማቆያ ከሩቁ ክፉ ማረሚያ ቤት አይሻልም። ስለሆነም የግዛቱ መንግሥት ገንዘቡን ከሰጠ በኋላ እጁን ታጥቦ መቀመጥ አይገባውም፤ ገንዘቡ ለምን እንደዋለ መጠየቅና መቆጣጠር ግዴታው ነው። ካውንቲውም የተሰጠውን ድጎማ ቀድሞ ራሱ ያወጣው የነበረውን ወጪ ለመተኪያ ብቻ ካዋለው፥ ለልጁ የተጨመረለት ነገር የለም።

ይህ ጉዳይ በሎስ አንጀለስና በኮሎምበስ ከተሞች ልጆቻቸውን ለሚያሳድጉ ወገኖቻችን ሩቅ ወሬ አይደለም። ካውንቲዎቹ በበጀታቸው ላይ የሚመክሩባቸው ስብሰባዎች ለሕዝብ ክፍት ናቸው። ወላጆች በየእድሩና በየማኅበሩ ተመካክረው ወኪል ቢልኩ፥ ከዚህ ገንዘብ ለበርና ለቁልፍ የሚውለው ስንት፥ ለአስተማሪ፥ ለመካሪና ለሥራ ማስተማሪያ የሚውለው ስንት እንደሆነ ሊጠይቁ ይችላሉ። ጥያቄው ሊቀርብ የሚገባውም የጎረቤታቸው ወይም የራሳቸው ልጅ በዳኛ ፊት ከመቆሙ በፊት ነው።